ካርዴን ማን በላው?

እናቴ ጋ ስደውል ሁሌም ወሬው ሲደምቅ ነው የሚቋረጠው። “እና ያቺ የጎረቤታችን ልጅ...” ትላለች፤ ከዚያ ጸጥ። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ሳየው ቀሪ ሂሳቤ ዜሮ ነው። አንድ ሳንቲም አልተረፈኝም፤ አንድ ሳንቲም ዕዳም የለብኝም። ድሮ መቋረጡ ብቻ ነበር የሚያናድደኝ። በኋላ ግን ሌላ ነገር ይገርመኝ ጀመር፤ እንዴት እንዲህ ልክ ገባ? በዚያች ደቂቃ ስንትና ስንት ሰው እያወራ ነው። አንዱ ጥቅል አለው፣ ሌላው የለውም። አንዱ ቪዲዮ እያየ ነው፣ ሌላው ውጭ አገር ይደውላል። ማን ነው ቁጭ ብሎ የእኔን 1 ብር ከ50 የሚቆጥረው?

የሚቆጥረው ሶፍትዌር ነው። የሙያው ሰዎች “ኦሲኤስ” ይሉታል። እኔ እዚህ “ሂሳብ ያዡ” ልበለው። ስለ እሱ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ “ካርዴን በላብኝ” የምንለው ቅሬታ አብዛኛው ይፈታላችኋል። ሂሳብ ያዡ ሰኮንድ በሰኮንድ እየተከታተለ አይቆርጥም። ቀብድ ይይዛል፤ በኋላ ያወራርዳል።

ብሩ የት ነው ያለው?

ካርድ ፍቀን ስንሞላ ብሩ ስልካችን ውስጥ የገባ ይመስለናል። ስልኩ ውስጥ ምንም ብር የለም። ሲም ካርዱም ውስጥ የለም። ሲም ካርድ እንደ መታወቂያ ነው፤ ማን እንደሆንን ለኔትወርኩ ይናገራል እንጂ ገንዘብ አይዝም። ብሩ ያለው ኦፕሬተሩ ዘንድ፣ በስልክ ቁጥራችን በተከፈተ መዝገብ ላይ ነው። ስልክ የተሰረቀበት ሰው ሲሙን አስቀይሮ ቀሪ ሂሳቡን እዚያው የሚያገኘው ለዚህ ነው። *804# ስንል ስልኩ የራሱን ኪስ አይዳብስም። መዝገቡን ጠይቆ መልሱን ያመጣልናል።

የሚፋቀው ካርድም ቢሆን ብር አይደለም። ምስጢር ቁጥር ነው። አንድ ሰርቨር ላይ ረጅም ዝርዝር አለ፤ ይህ ቁጥር 25 ብር ነው፣ ገና አልተሠራበትም ይላል። *805* ብለን ቁጥሩን ስንልክ ሁለት ነገር ይሆናል። ቁጥሩ “ተሠርቶበታል” ተብሎ ይዘጋል፤ ብሩ ደግሞ መዝገባችን ላይ ይጨመራል። ሁለቱ ወይ አብረው ይሆናሉ፣ ወይ አብረው ይቀራሉ። አንዱ ብቻ ከሆነ ወይ እኛ ከስረናል፣ ወይ ኦፕሬተሩ። በቴሌብር ስንሞላም የኋላው ሥራ ያው ነው፤ መፋቁ ብቻ ነው የቀረው።

ከዱቤ መዝገብ ወደ ቀብድ

የቀድሞው የስልክ ሂሳብ እንደ ሰፈር ሱቅ ዱቤ ነበር። ደንበኛው ያወራል። ጥሪው ሲዘጋ ማዞሪያው፣ ማለትም ደዋዩን ከተደዋዩ የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ጊዜ እንደደወለ አንድ መስመር ይጽፋል። ወር ሲደርስ መስመሮቹ ይሰበሰቡና ይደመራሉ፤ ቢል ይወጣል። ድህረ ክፍያ የምንለው ዛሬም በመሠረቱ ይኸው ነው። ችግሩ ግን ዱቤ ለሚታወቅ ሰው ነው የሚሰጠው። አድራሻ፣ ደመወዝ፣ ዋስ ይጠይቃል። ይህ የሌለው ሰው ስልክ አይኖረውም ማለት ነው።

ቅድመ ክፍያ ይህን ገለበጠው። የፖርቱጋሉ ቲኤምኤን እ.ኤ.አ. በ1995 “ሚሞ” የተባለውን የቅድመ ክፍያ የሞባይል አገልግሎት አወጣ። በተከታዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም የራሱን ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ካርዱ ዱቤ የማይሰጠውን ሰው ሁሉ የስልክ ባለቤት አደረገው፤ ዛሬ በአፍሪካ አብዛኛው የሞባይል ተጠቃሚ ቅድመ ከፋይ ነው።

ለማዞሪያው ግን ሥራው ተቀየረ። ድሮ አገናኝቶ ይጽፍ ነበር። አሁን ጠይቆ ነው የሚያገናኘው። “ይህ ሰው ያወራ ዘንድ ገንዘብ አለው ወይ?” ይላል። መልሱ ሰው ሳይሰለች፣ ስልኩ ገና ሳይጠራ መምጣት አለበት። ለዚህ ነው ሂሳብ ያዡ የሁሉንም ሰው ሂሳብ ዲስክ ላይ ሄዶ ከመፈለግ ይልቅ በፈጣኑ ሜሞሪው ላይ፣ እጁ ሥር የሚያስቀምጠው።

ጀሪካን በጀሪካን

ግቢ ውስጥ አንድ ሮቶ አለ እንበል። ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ነው። ልብስ የሚያጥብ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ አይተወውም። አንድ ጀሪካን ይጠይቃል፣ ይወስዳል፣ ሲያልቅበት ተመልሶ ይመጣል። ሲጨርስ የተረፈውን ሮቶው ላይ ይደፋል። ሮቶው ቀሪ ሂሳባችን ነው። ባለቁልፉ ሂሳብ ያዡ ነው። አጣቢው ደግሞ ጥሪውን ወይም ኢንተርኔቱን የሚያስተናግደው የኔትወርክ ክፍል ነው።

በቁጥር እንየው። ዋጋው ሰኮንዱ 1 ሳንቲም ይሁን፣ ማለትም ደቂቃው 60 ሳንቲም። ቀሪ ሂሳቤ 1 ብር ከ50 ነው። ጀሪካኑ የ60 ሰኮንድ ነው። እናቴ ጋ ስደውል ኔትወርኩ ይጠይቃል። ሂሳብ ያዡ 60 ሳንቲም ለብቻ አስቀምጦ “60 ሰኮንድ ፈቅጃለሁ” ይላል። አልቆረጠም፤ ያዘ ብቻ። ሰኮንዶቹ ሲያልቁ ኔትወርኩ ይመለሳል፤ “60ውን ተጠቅሟል፣ ጨምርልኝ።” አሁን የተያዘው 60 ሳንቲም ይቆረጥና ሌላ 60 ይያዛል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሮቶው ውስጥ የቀረው 30 ብቻ ነው። “30 ሰኮንድ ውሰድ፣ ይህ የመጨረሻው ነው” ይባላል። ኔትወርኩ 30 ቆጥሮ መስመሩን ይዘጋል። የጎረቤታችን ልጅ ነገር እዚያ ላይ ይቀራል።

ልክ የገባው ለዚህ ነው። 150 ጊዜ ተጠይቆ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በ75ኛው ሰኮንድ ብዘጋው ኖሮ ከሁለተኛው ጀሪካን 15 ሰኮንድ ብቻ ተጠቅሜ 45 ሳንቲሙ ይመለስልኝ ነበር።

ይህ ጥያቄና መልስ የሚሄድበት ቋንቋ “ዲያሜትር” ይባላል። ስሙ ቀልድ ነው። ከእሱ በፊት “ራዲየስ” የሚባል ነበር፤ ዲያሜትር የራዲየስ እጥፍ መሆኑን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። መሐንዲሶች እንዲህ ነው የሚቀልዱት፣ ምን ይደረግ። የቀብድ አያያዙ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጽፎ ወጣ፤ በ2019 ታደሰ። ዋናው ነገሩ ግን ሦስት ቃል ነው፤ መጀመሪያ፣ ማደሻ፣ መዝጊያ።

የጀሪካኑ መጠን ትንሽ የሚመስል ግን የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው። ጀሪካኑን ስኒ ብታደርጉት አጣቢው ሲመላለስ ይውላል። ሚሊዮን አጣቢ ሲመላለስ ደግሞ ባለቁልፉ ይታፈናል። በርሜል ብታደርጉት መመላለሱ ይቀራል፤ ግን አንዱ በርሜሉን ይዞ ሲቀመጥ ሌላው ጠምቶት ያድራል። በኢንተርኔት በኩል ስናየው ይህ ግልጽ ነው። ኔትወርኩ ይህን ያህል ሜጋባይት ይወስዳል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅበትም አይጠብቅም። ጥቂት ሲቀረው አዲስ ይጠይቃል፤ አለበለዚያ ቪዲዮው በየመሃሉ ይንገዳገድ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታው እንምጣ። ዳታ አብርታችሁ *804# ስትሉ ከጠበቃችሁት ያነሰ ቢመጣ፣ የጎደለው ሁሉ ተበልቷል ማለት አይደለም። ከፊሉ በጀሪካን ወጥቶ ኔትወርኩ እጅ ላይ ሊሆን ይችላል። እንዴት እንደሚታይ ኦፕሬተሩ ይወስናል፤ አንዱ የተያዘውን ቀንሶ ያሳያል፣ ሌላው አይቀንስም። ዳታውን አጥፍታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ብትጠይቁ የተረፈው ተመልሶ ልታዩት ትችላላችሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ ደንበኛ አገልግሎት ደውዬ አምባጓሮ አንስቻለሁ። ልጅቷ በትዕግስት ሰምታኝ “እስቲ አሁን ይዩት” አለች። አየሁት። ተመልሷል። ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም፤ “እሺ ቻው” ብዬ ዘጋሁ።

ሁለት በር፣ አንድ ሮቶ

ሂሳብ ያዡን እንቅልፍ የሚነሳው ነገር መቁጠሩ አይደለም። መቁጠር ቀላል ነው። አስቸጋሪው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ነው።

አባትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ጥቅል ይጋራሉ እንበል። የቀረው 10 ሜጋባይት ነው። ሁለቱም በዚያችው ቅጽበት 10 ሜጋባይት ይጠይቃሉ። ሂሳብ ያዡ ለአባትየው ሲመለከት 10 አለ፤ ለልጁ ሲመለከትም 10 አለ። ለሁለቱም “እሺ” ካለ 20 ሰጠ። ስለዚህ አንዱን እያስተናገደ ሳለ መዝገቡን ይቆልፋል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። መጠበቁ ግን ከዐይን ጥቅሻ መብለጥ የለበትም። የእነዚህ ሶፍትዌሮች ጥበብ ያለው በአብዛኛው እዚህ ነው፤ ቆልፎ፣ ቶሎ ጨርሶ፣ ቶሎ መክፈት።

ሌላም አለ። ልጅ ሱቅ ተልኮ ዳቦ ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ጣለው እንበል። ተመልሶ “ዳቦ ስጠኝ ተብለሃል” ይላል። ባለሱቁ ሁለተኛ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ኔትወርክ ላይ ይህ በየጊዜው ይሆናል። ጥያቄው ደርሷል፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ጠፋ፤ ጠያቂው ደግሞ ይልካል። ሂሳብ ያዡ ሞኝ ከሆነ ሁለቴ ይቆርጣል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ጥሪ የራሱ መለያ ያለው፣ በውስጡም እያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ቁጥር ያለው። “የዚህን ጥሪ 2ኛ ጥያቄ መልሻለሁ” ብሎ ያንኑ መልስ ይደግማል እንጂ እንደ አዲስ አይቆርጥም።

ከባዱ ጥያቄ ግን ባለቁልፉ ራሱ ሲወድቅ ነው። “ሲስተም የለም” የሚባለውን ሁላችንም እናውቃታለን። ባንክ ውስጥ ሲስተም ከሌለ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ስልክ ላይ ግን ሰው መሃል ወሬ ላይ ነው። ሂሳብ ያዡ መልስ ካልሰጠ ጥሪው ይቋረጥ ወይስ ይቀጥል? ያ የዲያሜትር ደንብ ሦስት ምርጫ አስቀምጧል። ወይ ዝጋ፤ ወይ ዝም ብለህ ቀጥል፤ ወይ ሌላ ሂሳብ ያዥ ሞክርና እሱም ካልመለሰ ዝጋ። የሚመርጠው ኦፕሬተሩ ነው። “ቀጥል” ያለው ደንበኛውን አያስቀይምም፤ ግን ገንዘቡን ለዕድል ሰጠ። አንዳንድ ሌሊት ዳታ “በነጻ” ሲሠራ ሰፈሩ በሙሉ ፊልም የሚያወርደው እንዲህ ያለው ምርጫ ተመርጦ ሊሆን ይችላል። መስመሮቹ ግን ይጻፋሉ። በኋላ ተደምረው ሊመጡ ይችላሉና ደስታውን በልክ አድርጉት።

ሳይጠይቁ መክፈል ምን እንደሚያመጣ በባንክ በኩል አይተነዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ከነበረው በላይ ማውጣት ችለው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው አደሩ። ከዚያ “ብሩን መልሱ” መጣ። ለብር የሆነው ለሜጋባይትም ያው ነው።

ለዚህ ነው ሂሳብ ያዡ ብቻውን የማይቀመጠው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ መዝገቡን እየቀዳ ይጠብቃል። የዚህ ሥራ ሰዎች “አምስት ዘጠኝ” የሚሉት ግብ አላቸው፤ 99.999 በመቶ መሥራት። በዓመት ሲሰላ መውደቅ የሚፈቀድለት ከ5 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

ገንዘብ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግም በዚያው ደንብ ውስጥ አለ። መስመሩን መዝጋት አንዱ ነው። ሌላው ወደ መሙያ ገጽ መምራት ነው። ሦስተኛው ጥቂት ገጾችን ብቻ ክፍት ትቶ ሌላውን መዝጋት ነው። ሂሳባችሁ ዜሮ ሆኖ ሳለ የኦፕሬተሩ መተግበሪያ ከከፈተላችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ብድር የሚጠየቅበት *810# ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ሂሳብ ያዡ የኋላ ታሪካችሁን አይቶ ያበድራል፤ ቀጥሎ ስትሞሉ ከነአገልግሎት ክፍያው ቀድሞ ያነሳል። “100 ሞልቼ ለምን 100 አልገባም” ከሚሉት ስንቱ ያለፈውን ሳምንት ብድር ረስቷል!

ዱባይ የሄደ ሲም

የአገር ውስጡ እንዲህ ከሆነ፣ ሲሙን ይዞ ዱባይ የወረደ ሰውስ? ሮቶው አዲስ አበባ ነው፤ አጣቢው ዱባይ። ለድምፅ ጥሪ “ካሜል” የሚባል ዘዴ አለ። አዎ፣ ግመል ማለት ነው፤ በረሃ ለበረሃ መላኩ ተስማምቶታል። የዱባዩ ማዞሪያ ከማገናኘቱ በፊት የአዲስ አበባውን ሂሳብ ያዥ ይጠይቃል። ዳታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ወደ አገር ቤት ይመለስና ከዚያ ነው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው፤ ስለዚህ ቆጣሪው ቤቱ ነው ያለው።

ድህረ ከፋዩ ግን አደጋ ላይ ነው። እሱን ማንም አይጠይቀውም። ኦፕሬተሮቹ ፋይል ይለዋወጣሉ፣ ቢሉ በኋላ ይመጣል፤ ለዕረፍት ሄዶ የመኪና ዋጋ ቢል የመጣበት ሰው ወሬ በአውሮፓ ብዙ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ገደብ አስገደደ። ደንበኛው ሌላ ካልመረጠ በቀር የሮሚንግ፣ ማለትም ሲሙን ይዞ ውጭ አገር የተጠቀመበት፣ ዳታ ቢሉ ከግብር በፊት 50 ዩሮ ሲደርስ ይዘጋል። 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይላክለታል። በዱቤ ለሚያወራውም የቀጥታ ቆጠራ ግዴታ ሆነ ማለት ነው። ጀርመን ወይም ጣሊያን ያላችሁ ዘመዶቻችን ያቺን የማስጠንቀቂያ መልእክት ታውቋት ይሆናል።

5ጂ ላይ ይህ ልዩነት ራሱ እየጠፋ ነው። በአዲሱ አሠራር ቅድመ ከፋይም ድህረ ከፋይም አንድ ሂሳብ ያዥ ነው ያላቸው፤ ዲያሜትርም ቦታውን ድረ ገጾች ለሚነጋገሩበት ዓይነት ቋንቋ ለቋል። ለኛ ለተጠቃሚዎች ብዙም አይታየንም።

ዋጋውን ማን ያወጣል?

እስካሁን ያወራነው ስለ መስጠትና መመለስ ነው። ከበስተጀርባው ዋጋ የሚተምን ሌላ ክፍል አለ፤ ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው እሱ ጋ ነው።

አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ዋናው ብር፣ የቀን ጥቅል፣ የወር ጥቅል፣ የሌሊት ጥቅልና ከስጦታ የመጣ ቦነስ ሊኖረው ይችላል። ሲደውል የትኛው ይቀደም? የተለመደው ቶሎ የሚያልፍበትን ማስቀደም ነው፤ ግን ግዴታ አይደለም፣ ኦፕሬተሩ የሚጽፈው ደንብ ነው። “ጥቅል እያለኝ ዋናው ሂሳቤ ለምን ተነካ?” ሲባል ሁለት ነገር ቀድሞ መመልከት ይበጃል። ጥቅሉ ለራሱ ኔትወርክ ብቻ ሆኖ የደወላችሁት ሌላ ኦፕሬተር ጋ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ጥቅሉ ቪዲዮው መሃል ላይ አልቆ፣ ቀሪው ያለ ጥቅል በሚሠራበት ውድ ዋጋ ከዋናው ብር መቁረጡን ቀጥሎ ይሆናል። ይህኛው በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ካርድ የሚበላው ነው፤ ጥቅል ሲያልቅ ዳታው ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ አድርጉት።

ሰዓትም አለ። የሌሊቱ ዋጋ ሊጀምር 20 ሰኮንድ ሲቀረው የደወለ ሰው ጀሪካኑ ለሁለት ይከፈላል። ሂሳብ ያዡ ጀሪካኑን ሲሰጥ ዋጋው የሚለወጥበትንም ሰዓት አብሮ ይነግረዋል። ኔትወርኩ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ለይቶ ይመልሳል።

ከዚያ ደግሞ ማጠጋጋት አለ። በደቂቃ የሚቆጥር ታሪፍ ላይ 61 ሰኮንድ ያወራ ሰው 2 ደቂቃ ይከፍላል። በሰኮንድ የሚቆጥረው ላይ 61 ሰኮንድ 61 ሰኮንድ ነው። ዳታም እንዲሁ በተወሰነ ኪሎባይት እየተጠጋጋ ይቆጠራል። በአንድ ጥሪ ላይ ምንም አይደለም፤ በሚሊዮን ጥሪ ላይ ግን ሕንፃ ያሠራል።

እናቴ በደቂቃ በሚቆጠርበት ዘመን የሠለጠነች ናት። እሷ ስትደውልልኝ የስልኩን ሰዓት እያየች ነው የምታወራው። 55ኛዋ ሰኮንድ ላይ ስትደርስ ጀምራ ያልጨረሰችው ወሬ ቢኖርም “በል ቻው፣ ደህና ሁን” ብላ ትዘጋለች። ታሪፏ በሰኮንድ እንደሆነ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ስለ ጀሪካኑም አንድ ቀን አስረዳኋት። አዳመጠችኝ። “ሮቶው የነሱ፣ ቁልፉ የነሱ” አለችና 55 ሲሆን ዘጋችው።